ካርሎቪ ቫሪ ከእናት ጋር፦ ስለ ውሃው፣ ስለ ኩባያውና ስለ መንገዱ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ከእናቴ ጋር ፕራግ ወንድሜ ጋ ለሦስት ሳምንት መጥተናል። ሁሉም ሰው ካርሎቪ ቫሪን ሳታዩ እንዳትመለሱ ይለናል። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ጨጓራዋም ጉልበቷም ያስቸግራታል። ውሃውን ብትጠጣ ይጠቅማታል? ፍል ውሃው ውስጥ መግባትስ ይቻላል? ጠዋት ሄደን ማታ ብንመለስ ይበቃናል? በሃይላንድ ሞልተን ብንወስድስ?»

ሰላም እህቴ።

ሙያዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በተለይ ፍል ውሃ። ስለ ምንጮቹ በሙሉ ልብ እመልስልሻለሁ። በእናትሽ ጤና ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ግን ሐኪማቸው ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ካርሎቪ ቫሪ ሰው ውሃ ውስጥ ሊዘፈዘፍ የሚሄድባት ከተማ አይደለችም። ውሃ ፉት እያሉ የሚራመዱባት ከተማ ናት። ብዙ ሰው እንፋሎት የሚወጣው ሰፊ ገንዳ ጠብቆ ይሄድና ቅር ብሎት ይመለሳል። እዚያ የሚያገኘው ኩባያ ይዞ ዝግ ብሎ የሚራመድ ሕዝብ ነው። አንዷን ኩባያ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጃሉ። ይህን አውቀሽ ከሄድሽ ከተማዋ ትገባሻለች። ሕንጻዎቿም፣ መንገዶቿም፣ የኩባያዎቿ ቅርጽ እንኳን የተሠሩት ለዚህ ነው።

እስቲ ከውሃው ልጀምር።

ከተማዋ ከፕራግ በስተ ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የምትገኘው ቴፕላ የምትባል ትንሽ ወንዝ በቆረጠችው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከሸለቆው ሥር ያለው ግራናይት ነው፤ ግራናይቱም የተሰነጣጠቀ ነው። ዝናብና የቀለጠ በረዶ በስንጥቁ ሰርጎ ከ2000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ይሞቃል። ከድንጋዩ ማዕድን ያሟሟል። ከጥልቅ የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቀላቀለዋል። ውሃው ተመልሶ ሲወጣ ጋዙ ከሥር ይገፋዋል። ዋናው ምንጭ ቭርዢድሎ እስከ 12 ሜትር ድረስ ሽቅብ የሚፈነጥቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀቱ 73 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በደቂቃ ወደ 2000 ሊትር ያወጣል።

ሌሎቹ ምንጮች ከቭርዢድሎ የተለየ ውሃ ያላቸው ይመስላል፤ ግን አይደለም። ለሕዝብ ክፍት የሆኑት ምንጮች 15 ያህል ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ ያለው ማዕድን ተቀራራቢ ነው። የሚለያዩት በሙቀትና በጋዝ ነው። በሰፊ ስንጥቅ ፈጥኖ የወጣው ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። በጠባቡ ቀስ ብሎ የወጣው እየቀዘቀዘ ይመጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ጋዝ አፍኖ ስለሚይዝ አፍ ላይ ሽው ይላል። ስለዚህ «ይኼኛው ለኩላሊት፣ ያኛው ለጉበት» ብሎ በየምንጩ በሽታ የሚያድል ሰው ቢያጋጥምሽ ብዙም አትስሚው። የከተማዋ ሐኪሞች ምንጭ ሲያዝዙ የሚያዩት በዋናነት ሙቀቱን ነው። ሞቃቱ ሆድ ያረጋጋል፤ ቀዝቀዝ ያለው ሆድ ያላላል ይላሉ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ።

አንድ ሊትር የካርሎቪ ቫሪ ውሃ ከ6 ግራም በላይ ማዕድን ይዟል። ከዚህ ውስጥ 1.7 ግራም ያህሉ ሶዲየም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል፤ ያውም ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው፣ ዳቦው፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር የጠጣ ሰው ምግብ ሳይቀምስ የቀኑን ሊጨርስ ምንም አልቀረው። 200 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ኩባያ ስንመነዝረው፣ በአንዷ 0.34 ግራም አለ። ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ሦስት ኩባያ ደግሞ አንድ ግራም ይሆናል፤ የቀኑ ግማሽ ማለት ነው። ለደም ግፊት ታማሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰልፌት ነው። በሊትር 1.6 ግራም ገደማ አለ። ሰልፌት አንጀት ውስጥ ውሃ ስቦ ይይዛል። በግልጽ አማርኛ፣ ያስቀምጣል። ለአንዳንዱ አንዲት ኩባያ ምንም አታደርገውም፤ ሌላውን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሽንት ቤት ታስፈልገዋለች። በዕድሜ የገፉ፣ በተለይም ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን የሚወስዱ ሰው ካስቀመጣቸው ሰውነታቸው ቶሎ ይደርቃል። ግፊታቸው ይወርዳል፤ ይደክማቸዋል። ያውም ከሁለት ሰዓት በላይ የአውቶቡስ መንገድ እየጠበቃቸው!

ስለ ጨጓራው ደግሞ ተስፋ ሳልሰጥሽም ሳልነፍግሽም ልንገርሽ። ውሃው ውስጥ ባይካርቦኔት በብዛት አለ፤ በሊትር ከ2 ግራም በላይ ነው። ባይካርቦኔት የጨጓራ አሲድን ለጊዜው ያበርዳል። ሰዎች «ጠጥቼ ቀለል አለኝ» የሚሉት እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የብዙ ሰው የጨጓራ ሕመም ምንጩ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው። እሱን የሚያጠፋው በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት እንጂ የምንጭ ውሃ አይደለም። እናትሽ ካልተመረመሩ ምርመራው ይቅደም። ጋዝ ያለው ቀዝቃዛ ምንጭ ደግሞ ጨጓራቸው ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የሚነፋ ነገር ስላለው አይመከርም።

ታዲያ ይጠጡ ወይስ አይጠጡ? እኔ የምለው እንዲህ ነው። ግፊታቸው በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ፣ ኩላሊታቸውና ልባቸው ደህና ከሆኑ፣ ለቅምሻ ያህል ከሁለት ሦስት ምንጭ አንዳንድ ጉንጭ ቢወስዱ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ለሕክምና ብለው በቀን ሦስት ኩባያ ሊጠጡ ከሆነ ግን ያለ ሐኪም አይሆንም። ልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ካለባቸው ጉንጩም ይቅር፤ እየተራመዱ ከተማዋን ይዩ። ክኒናቸውን ሁልጊዜ በተራ ውሃ ይውሰዱ፤ በምንጩ ውሃ አይዋጡ።

በአንድ ቀን ፈውስ እንዳትጠብቂም እለምንሻለሁ። እዚያ ሕክምና የሚባለው ሦስት ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ነገር ነው። መጀመሪያ የምንጭ ሕክምና ሐኪም ያያል፤ ምንጩን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን ይወስናል። ከዚያ ምግቡ፣ እርምጃው፣ ማሸቱ፣ ዕረፍቱ አብሮ ይሄዳል። በቼክ አገር የጤና መድን ለታዘዘለት ታማሚ እስካሁን ወጪውን ይሸፍናል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ባለበት አገር ቱሪስት በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ኩባያ ጨልጦ «ታከምኩ» ሲል ያሳዝነኛል።

ውሃ እየጠጡ መራመድ ከየት እንደመጣ ማወቁ ደግሞ ጉብኝቱን ሌላ መልክ ይሰጠዋል። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ።) ተረቱ፣ ንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ አጋዘን ሲያድን ውሻው ፍል ውሃ ውስጥ ወደቀና ምንጩ ተገኘ ይላል። ከተረቱ ይልቅ የተረጋገጠው፣ ይኸው ንጉሥ በ1370 ለቦታዋ የከተማነት መብት መስጠቱ ነው። በዚያ ዘመን ሕክምናው መታጠብ ብቻ ነበር። ታማሚው በቀን ለብዙ ሰዓታት ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቆዳው እስኪላጥ ድረስ። መላጡ ሕመሙ የሚወጣበት በር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1522 ቫጽላቭ ፓየር የተባለ ሐኪም ስለ ምንጮቹ መጽሐፍ አሳተመና ውሃው ይጠጣም አለ። ሰውም መጠጣቱን ያዘ፤ ግን ልክ አጣ። ክፍል ዘግቶ በቀን በርካታ አስር ኩባያዎችን የሚጨልጥ ነበር።

ልክ ያበጀለት ዶክተር ዳቪድ ቤኸር ነው። በ1725 እዚያው ከተማ ተወልዶ በ1792 አረፈ። ውሃውን በኬሚስትሪ መረመረ። ከዚያ ታማሚዎቹን ሦስት ነገር አዘዛቸው፦ ትንሽ ጠጡ፤ ከምንጩ አፍ ላይ ጠጡ፤ እየተራመዳችሁ ጠጡ። ለኔ ከከተማዋ ነገሥታትና ባለቅኔዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ታላቁ ጴጥሮስ በ1711ና በ1712 መጥቶባታል። ጎተ ተመላልሶባታል፤ ቤትሆቨን በ1812፣ ሾፐን በ1835፣ ካርል ማርክስ በ1870ዎቹ፣ አታቱርክ በ1918 ታይተውባታል። ስማቸውን በየግድግዳው ታነቢያለሽ። ከተማዋን የቀረጸው ግን የቤኸር ትእዛዝ ነው። ሰው እየተራመደ ይጠጣ ከተባለ፣ ዝናብም በረዶም ቢሆን የሚራመድበት ጣሪያ ያስፈልገዋል። ኮሎናዳ የሚሉት በአምድ የተደገፈ ረጅም መተላለፊያ የተሠራው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መንገዱን ከእናትሽ ጉልበት ጋር አስማምቼ ልንገርሽ።

ከአውቶቡስ ወርዳችሁ ወንዟን ይዛችሁ ወደ ሸለቆው ግቡ። ትልቁን የኮንክሪት ሕንጻ፣ ሆቴል ቴርማልን፣ ስታዩ የምንጮቹ ሰፈር ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ እስከ ግራንድ ሆቴል ፑፕ ድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። መንገዱ ሜዳ ነው። መኪና እምብዛም አይገባበትም። ወንበር በየቦታው አለ። እናትሽ እያረፉ ይችሉታል።

መጀመሪያ የምታገኙት በመናፈሻው ውስጥ ያለውን የብረት ኮሎናዳ ነው፤ ሳዶቫ ይባላል። ነጭ፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ብረት ነው። የእባብ ምንጭ የሚባለው እዚህ ነው። ከፍል ምንጮቹ ሁሉ ቀዝቀዝ ያለው እሱ ነው፤ 30 ዲግሪ ገደማ። ውሃው ከእባብ አፍ ነው የሚወርደው። ለመቅመስ ከዚህ ጀምሪ። ከዚህ ወደ ላይ በሄድሽ ቁጥር ውሃው በጥቅሉ እየሞቀ ይሄዳል። ይህን ልዩነት በምላስ እየተከተሉ መሄድ እኔ ከማውቃቸው ከተማ የመጎብኛ መንገዶች ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው።

ኩባያ ከየሱቁ ትገዣለሽ። ከምንጩ መቅዳት ነጻ ነው። ኩባያዋን ቀርበሽ እያት። ጠፍጣፋ ናት፤ ጆሮዋ ውስጡ ቀዳዳ ነው። ውሃውን የምትስቢው ከከንፈሯ ሳይሆን ከጆሮዋ ጫፍ ነው። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ በዚያች ቀጭን መንገድ ሲያልፍ ይበርዳል። በአንዴም ብዙ አይመጣም፤ ፉት እንጂ መጨለጥ አይቻልም። ማዕድኑም የፊት ጥርስን ሳያገኝ ያልፋል፤ ጥርስ ያበላሻል የሚል የቆየ ስጋት አለና። ቤኸር በቃል ያዘዘውን ኩባያዋ በቅርጿ ታስገድድሻለች። ከሦስት ኩባያ በላይ አትግዙ፤ ለቤት ጌጥ ካልሆነ በቀር ሌላ ጥቅም የላትም።

ጣዕሙስ? ትኩስ፣ ጨዋማ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል። የበረደ የአጥንት ሾርባ ላይ ሶዳ የተበተነበት ይመስላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ፊቱን ያጨማድዳል። በሁለተኛው ይለመዳል።

ከሳዶቫ ቀጥሎ የወፍጮው ኮሎናዳ ይመጣል፤ ምሊንስካ። እዚህ ቆም በሉ። 124 የቆሮንቶስ አምዶች አሉት፤ 132 ሜትር ይረዝማል። አምስት ምንጮች በውስጡ አሉ። የሠራው ዮሴፍ ዚቴክ ነው፤ የፕራግን ብሔራዊ ቲያትር የነደፈው ሰው። ከ1871 እስከ 1881 አሥር ዓመት ፈጅቷል። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ተራመጂበት። የአምዶቹ ርቀትና የሰው እርምጃ እንዴት እንደተስማሙ እግርሽ ይነግርሻል። ሰው ሁሉ ሳያስበው እርምጃውን ይቀንሳል።

ከዚያ የገበያው ኮሎናዳ አለ። ነጭ የእንጨት ሥራ ነው፤ 1883። ፌልነርና ሄልመር የተባሉ የቪየና አርክቴክቶች ናቸው የሠሩት። ሳዶቫም የእነሱ ነው። የከተማው ቲያትርም የእነሱ ነው፤ መጋረጃውን ደግሞ ወጣቱ ጉስታቭ ክሊምት ከወንድሙና ከባልደረባቸው ጋር ሥሎታል። በዚህች ትንሽ ከተማ ብቻ ሃያ ያህል ሕንጻ አላቸው።

ወንዟን ስትሻገሪ ቭርዢድሎ ጋ ትደርሻለሽ። እሱ ያለበት ቤት የመስታወትና የኮንክሪት ነው፤ በ1975 ያለቀ። ብዙ ሰው አይወደውም። እኔም ብሆን በፊት የነበረው የብረት ኮሎናዳ ቢተርፍ እመርጥ ነበር፤ በ1939 ብረቱ ለጦርነት ተብሎ ተነቀለ። ነገር ግን አትለፉት። ውስጡ ገብታችሁ ውሃው ሲፈነጥቅ እዩ። ሲወጣ ልክ የለውም። ይዘላል፣ ያንሳል፣ ደግሞ ይዘላል፤ ጋዙ በየመጠኑ ስለሚመጣ ነው። መነጽርሽን እንፋሎቱ ያጨልመዋል። እጅ ወደ ውሃው መስደድ የለም፤ 73 ዲግሪ ቆዳ ያቃጥላል። የሚጠጣው በጎን ባለው አዳራሽ ነው፤ ያልበረደም የበረደም በየመቅጃው አለ። እናትሽ ከቀመሱ ከበረደው ይሁን።

ከሥሩ ያለውን ክፍል የሚያስጎበኝ ካገኛችሁ ደግሞ ግቡ፤ ደረጃ ስላለው እናትሽ ከላይ ወንበር ይዘው ይጠብቁ። እንደ እኔ ላለ ሰው የከተማዋ ልብ እዚያ ነው። ቭርዢድሎ ከምድር እንደወጣ ጋዙን ይለቃል። ጋዙ ሲለቅ ውሃው የተሸከመውን ኖራ መያዝ ያቅተዋልና ድንጋይ አድርጎ ይጥለዋል። ድንጋዩ አራጎናይት ነው። በውሃው ውስጥ ያለው ብረት ቀይና ቡና ዓይነት መስመር ያወጣለታል። የምንጩ ዙሪያ ያለው የድሮው ከተማ መሬቱ ራሱ ይኸው ድንጋይ ነው። ቧንቧዎቹ ውስጥም እየተጋገረ ያጠባቸዋል፤ ሠራተኞቹ ሁልጊዜ ማጽዳትና መለወጥ አለባቸው። ሱቆቹ የሚሸጧት ቡናማ «የድንጋይ ጽጌረዳ»ም የወረቀት አበባ ውሃው ሥር ተቀምጦ የድንጋይ ልብስ ሲለብስ የምትገኝ ናት።

ከቭርዢድሎ ቀጥታ ፊት ለፊት የቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ኪሊያን ኢግናዝ ዲንትሰንሆፈር በ1730ዎቹ የሠራው የባሮክ ሥራ ነው። ወርቃማ ጉልላት ያለው የጴጥሮስ ወጳውሎስ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዳገት ላይ ነው። እናትሽ ማየት ከፈለጉ በታክሲ ውሰጃቸው፤ በእግር አይሞከርም። ከተማዋን ከከፍታ ለማየት ከግራንድ ሆቴል ፑፕ አጠገብ የሚነሳ የገመድ ባቡር አለ። በ1912 የተከፈተ ነው። ወደ ዲያና ማማ ያወጣችኋል፤ ጉልበት አይጠይቅም፤ ጫካው ከላይ ደስ ይላል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በየሕንጻው ላይ የምታዪው ጽሑፍ፣ የሠሪዎቹም ስም አብዛኛው የጀርመን ነው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ የከተማዋ ነዋሪ በአመዛኙ ጀርመንኛ ተናጋሪ ነበር፤ ስሟም ካርልስባድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሰዎቹ ተባረሩ፤ ሌላ ሕዝብ ገባባት። ከተማዋን ያቆሟት ሰዎች ልጆች በአመዛኙ ዛሬ እዚያ አይኖሩም። ይህን እያሰቡ መራመድ ተገቢ ነው።

ፍል ውሃ ውስጥ መግባት ለሚለው፣ ይቻላል፤ ግን ከምንጩ ሳይሆን ከሕክምና ቤት ወይም ከሆቴል ነው። ውሃው ከ73 ዲግሪ በርዶ ነው የሚገባው። በ1906 የተከፈተው የኤልሳቤጥ መታጠቢያ ቤት ገንዳና የማሸት አገልግሎት አለው። ከሆቴል ቴርማል ጀርባ ገደሉ ላይም ክፍት የመዋኛ ገንዳ አለ። ሁለቱንም ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ መክፈታቸውን አረጋግጡ፤ የሕክምና ቤቶች ሰዓት በቀጠሮ ነው። በ1895 የተሠራው የንጉሠ ነገሥቱ መታጠቢያ ቤት ከታላቅ እድሳት በኋላ በ2023 ተከፍቷል፤ እሱ ግን የሚታይ እንጂ የሚታጠቡበት አይደለም። ለእናትሽ ለብ ያለ ገንዳ ለጉልበታቸው ጥሩ ነው። ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። ሙቀት የደም ሥር ያሰፋል፤ ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲደመር ብድግ ሲሉ ሊያዞራቸው ይችላል። ይዘሽ አስወጪያቸው፤ ቁጭ ይበሉ፤ ተራ ውሃ ይጠጡ። የሞቀ የጭቃ መታጠቢያ ያለ ሐኪም እንዳያስቡት።

ደርሶ መልስ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ አይበቃም። አውቶቡሱ ከፕራግ ፍሎሬንክ ጣቢያ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ባቡሩ ይዞራል፤ ተዉት። ሄደሽ ስትመለሺ አራት ሰዓት ተኩል በመንገድ ያልቃል። እናትሽ ደክሟቸው ይደርሳሉ፤ በሰው መሃል ይገፋሉ፤ ሳያርፉ ይመለሳሉ። አንድ ሌሊት እደሩ። የቀን ጎብኚው አመሻሽ ላይ ተጠቃሎ ይወጣል፤ ከተማዋ ለሚያድሩት ትቀራለች። ጠዋት ቁርስ ሳይቀመስ ኩባያቸውን ይዘው የሚወጡ እውነተኛ ታማሚዎችን ታያላችሁ። ሲራመዱ ማየት ብቻ መቶ ገጽ ከማንበብ ይሻላል።

በአውሮፓውያኑ ጁላይ መጀመሪያ አካባቢ ከሆነ ተጠንቀቂ። ከ1946 ጀምሮ ያለው የፊልም ፌስቲቫል በዚያ ጊዜ ነው፤ አልጋ አይገኝም፤ ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም። ገንዘቡ የቼክ ኮሩና ነው። ዩሮ የሚቀበሉ ሱቆች አሉ፤ ምንዛሬያቸው ግን አያዋጣም። ኦፕላትኪ የሚሉትን ስስ ክብ ብስኩት ትኩሱን ግዙ፤ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ቤኸሮቭካን በተመለከተ ግን፣ ከ1807 ጀምሮ የሚጠመቅ ዕፀዋት ያለበት መጠጥ ነው፤ መጀመሪያ ለሆድ መድኃኒት ተብሎ ነው የተሸጠው። ሻጮቹ አሁንም «ለጨጓራ» ይሉሻል። 38 በመቶ አልኮል ነው። ለእናትሽ ጨጓራ አይሆንም።

ጊዜ ከተረፋችሁ ማሪያንስኬ ላዝኒ ቅርብ ናት። ምንጮቿ ቀዝቃዛ ናቸው፤ ከተማዋም ገላጣና አረንጓዴ ናት። ካርሎቪ ቫሪ፣ ማሪያንስኬ ላዝኒና ፍራንቲሽኮቪ ላዝኒ በ2021 ዩኔስኮ «ታላላቅ የአውሮፓ የፍል ውሃ ከተሞች» ብሎ ከመዘገባቸው 11 ከተሞች ሦስቱ ናቸው። እኔ ግን በዚህ ጉዞ ሁለተኛ ከተማ አልጨምርም ነበር።

በመጨረሻ ስለ ሃይላንዱ። መሙላት ትችያለሽ፤ የሚከለክልሽ የለም። ግን የምትሞዪው ውሃና ፕራግ የሚደርሰው ውሃ አንድ አይሆኑም። ክዳኑ ሳይዘጋ ጋዙ ይሄዳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ብረቱና ኖራው ይዘቅጣሉ። ከአንድ ሌሊት በኋላ ዝገት የመሰለ አተላ ታች ታያለሽ። ሶዲየሙ ግን ንቅንቅ አይልም። ማለትም ሰዎች ይጠቅማል ከሚሉት ከፊሉ ይጠፋና ለእናትሽ የሚያሰጋው ክፍል ይቀራል። ትኩስ ውሃ በስስ ፕላስቲክ መያዝም ጥሩ አይደለም። በጥቅል የሚሸጥ «የቭርዢድሎ ጨው»ም አለ። እሱ ከውሃው ተተንኖ የወጣው ጨው ራሱ ነው፤ ሶዲየም ሰልፌት በብዛት አለበት። ሻጩ ለሆድ ድርቀት ፍቱን ነው ይልሻል፤ ማስቀመጡስ ያስቀምጣል። የግፊት ታማሚ ቤት ግን አይግባ። ገዝተሽ ከሆነም ለእናትሽ አትስጪ።